በቴክሳስ ሕግ የፈረመው ቨርሊን

ቨርሊን ሆቭላንድ የዕድሜውን ግማሽ መንገድ ላይ ጨው ሲበትን፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ያው ጨው የበላውን መኪና ሲያክም ኖረ። በትንሿ የዊስኮንሲን ከተማ በሌዲስሚዝ ይህን የማያውቅ የለም። ዓርብ ዓርብ ለዓሣ ጥብስ መጠጥ ቤቱ ሲሞላ ሰዎች የሚያሾፉበትም በዚሁ ነበር። «በሽታውን ሲበትን ኖሮ ኖሮ አሁን መድኃኒት ሻጭ ሆነልን» ይሉታል። እሱም ፈገግ ብሎ ቢራውን ይጎነጫል።

የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ነው። አባቱ ላሞቹን በሸጠ ማግሥት ቨርሊን የወረዳው መንገድ ሥራ ተቀጠረና በረዶ ጠራጊው መኪና ላይ ወጣ። በረዶ በጣለ ቁጥር ሰው ሳይነቃ ይነሳል፣ መንገዱን ይጠርጋል፣ ከኋላው ጨው ይበትናል። ጨው በረዶውን ያሟሟል፤ ቀስ ብሎ ደግሞ ሻንሲውን፣ ማርሚታውን፣ የበሩን ላሜራ ይበላል። ገና ዕዳው ያላለቀ መኪና ከሥሩ ወንፊት ሆኖ ሲያይ ቨርሊን ያዝን ነበር። የሚያዝነውም እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ በደለኛ ነው፤ ጨዉን የበተነው እሱ ነዋ።

ስለዚህ ሚልዋኪ በተደረገ የመኪና ትርዒት ላይ ከመኪና ሥር የሚረጭ ፀረ ዝገት ዘይት ባየ ጊዜ ልቡ ተነሳ። ዘይቱን የሚሠራው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ዳላስ በረዶ በዓመት አንዴ እንደ እንግዳ መጥቶ በማግሥቱ የሚሄድበት ከተማ ነውና ሰዎቹ ስለ ዝገት የሚያውቁት በወረቀት ላይ ነበር። መሸጥ ግን ያውቁበታል። ሱቁ ያንተ፣ ዕዳው ያንተ፣ ድካሙ ያንተ፤ ስሙ፣ ዘይቱና ደንቡ የእነሱ። ፍራንቻይዝ የሚሉት ይህን ነው። ሚስቱ ማርዴል ነገሩን ሰምታ «ጨው ከመበተን ይሻላል» አለችው፤ ተቀማጫቸውን አወጡና ገቡበት።

ውሉ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ውል ሲሰጠው የመጨረሻውን ገጽ ፈልጎ ይፈርማል። ቨርሊን ግን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሳምንት ሙሉ አነበበው። ካነበበው ሁሉ አንዲት አንቀጽ ከአእምሮው አልወጣ አለችው፦ በዚህ ውል ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው የቴክሳስ ሕግ ነው፣ ክርክር ቢነሳም የሚታየው ዳላስ ባለ ፍርድ ቤት ነው የምትለው። ዳላስ ለሥልጠና ሲሄድ ስለ እሷ ጠየቀ። ሁሉም ውል ላይ አለች፣ የተለመደች ናት አሉት። እሱም አምኖ ፈረመ። ወደ ቤቱ ተመልሶ በመጠጥ ቤቱ ይህን ሲያወራ ጓደኞቹ ሰፊ የቴክሳስ ባርኔጣ ገዝተው ጭንቅላቱ ላይ ደፉበት።

ሞኝ ነበር እንዳልል ሞኝ አልነበረም። ማንም ያላነበበውን ያነበበ ሰው ነው። ችግሩ ያነበበውን እንደ ቃለ መሐላ መያዙ ነበር። እሱ ባደገበት ቤት ሰው ከፈረመ ፈርሟል፤ ጠበቃ ቤት የሚሄድ ደግሞ ወይ ሌባ ነው ወይ ከወንድሙ ጋር በርስት የተጣላ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር በኛ በሰሜን ዊስኮንሲን ከበረዶው እኩል የከበደ ነው። ሰው እግርህን ቢረግጥህ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ቨርሊን ደግሞ በዚህ ከሁላችንም የባሰ ነበር። ኩባንያው ዘይቱን ሲያስወድድበት ከፈለ። የሱቁን ቀለም ቀይር ሲሉት ቀየረ። «ምን ላድርግ፣ እኔ እንደሆን በቴክሳስ ሕግ ነው የምተዳደረው» ይል ነበር፣ ልክ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

በአንድ ነገር ብቻ አልታዘዛቸውም፤ እሱም አለመታዘዝ መሆኑ ትዝ አላለውም። ኅዳር ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት ሌዲስሚዝ ትዘጋለች። ጥርስ ሐኪሙ ይዘጋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሴት ልጆችና ጥቂት የታመሙ ወንዶች ናቸው ይባላል፤ እሱም ድሮ ነው፣ ዛሬ ሴቶቹም የአዳኝ ብርቱካናማ ልብሳቸውን ለብሰው ጫካ ናቸው። ቨርሊንም ሱቁን በከፈተበት የመጀመሪያ ዓመት በሩ ላይ «አጋዘን ልናመጣ ሄደናል» የሚል ካርቶን ሰቅሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይሰቅላል። ደንበኞቹ ራሳቸው ጫካ ስለሆኑ ቅር የሚለው አልነበረም። ዳላስም አላወቀም።

ማርዴል በካንሰር ከሞተች በኋላ ልጁ ብሪታ ከሚኒያፖሊስ ጥሩ ሥራዋን ትታ መጣች። ለጥቂት ወራት ብላ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛ ሲጎድል የአባቷን ቱታ ለብሳ ከመኪና ሥር ገባች፤ በዚያው ቀረች። እጇ ከእሱ ይበልጥ ነበር። ዘይቱ የማይደርስባትን የበር ስንጥቅ፣ የሻንሲውን ጥግ ሁሉ ታገኛታለች። የትምህርት ቤት አውቶቡሶችንና የወተት ጫኞችን አነጋግራ በውል ያመጣችውም እሷ ናት፤ ሱቁ በሕይወቱ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። ብሪታ እዚያ ዘይት ውስጥ ተኝታ ደስተኛ ነበረች። ቨርሊን ይህን አየና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «በፀደይ ሱቁን በስምሽ አዛውረዋለሁ» አላት። እሷም መሪውን እንደያዘች አንገቷን ነቀነቀች። ፊቷ ግን ደስታዋን ሁሉ ይናገር ነበር። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትሆን አይቷት አያውቅም።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች እያንዳንዱ ሱቅ በየቀኑ የሠራውን በኮምፒውተር የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ኅዳር ላይ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ለበረዶ በሚያዘጋጅበት ሰሞን፣ የሌዲስሚዙ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ባዶ፣ በማግሥቱም ባዶ፣ በሦስተኛውም ባዶ ሆኖ አገኙት። ቨርሊንና ብሪታ አንድ አጋዘን ጥለው፣ ቋሊማውን አሠርተው፣ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ስልኩ ይጮህ ነበር። ያለ ፈቃድ ሱቅ ዘግተሃል፣ ውሉን አፍርሰሃል፣ ውልህ ተቋርጧል አሉት።

በሳምንቱ ትሬይ ኮልደር የሚባል የኩባንያው ሰው በቀጭን ጫማ በረዶውን እየፈራ መጣ። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ እንዲያውም ቨርሊንን የጎዳው ጨዋነቱ ነው። ሁለት መንገድ አለዎት አለው። አንደኛው በሰላም መለያየት ነው፦ ምልክታችንን ከሱቁ ያወርዳሉ፣ ስልክ ቁጥሩን ያስረክባሉ፣ ለሦስት ዓመት እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ በዚህ አካባቢ የዝገት ሥራ አይሠሩም፣ እኛም በካሣ አንጠይቅዎትም፣ እርስዎም ሁለተኛ አይጠይቁንም። ሁለተኛው ዳላስ መጥቶ በቴክሳስ ሕግ መከራከር ነው። ወረቀቱን ትቶለት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ቾንግ ሎር ደወለ። ቾንግ ኦክሌር ከተማ የዚሁ ኩባንያ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ዘይት ሲያልቅባቸው ይበዳደራሉ፣ የዘይት መርጫ ሲሰበር ይዋዋሳሉ። እሱም ወላጆቹ በስደት የመጡ ሕሞንግ ነውና የወገኖቹን አዲስ ዓመት ከመላ ዘመዱ ጋር ሊያከብር ሱቁን ዘግቶ ነበር፤ ያው ውልህ ተቋርጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

«ሽማግሌው፣ ፈርመሃል እንዴ?» አለው።

«ገና ነኝ። ሐሙስ ይመጣል።»

«አትፈርም። ሐሙስ ጠዋት እዚህ አንዲት ጠበቃ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ና አብረን እንግባ።»

«ገብተን ምን እንላታለን? የቴክሳስ ሕግ ነው ይላል እኮ። እኔ አንብቤዋለሁ።»

«እኔም አንብቤዋለሁ። ሱቄ ግን ቴክሳስ አይደለም።»

ቨርሊን እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ምን ነበረበት። ግን ሳምንቱን ሙሉ የከረመበት እፍረት ነበረና መውጫ ፈለገ። «ቾንግ፣ እናንተ ለዚህ አገር ገና ናችሁ» አለው። «እዚህ ሰው ከፈረመ ፈርሟል።»

ቾንግ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው ኦክሌር የገባው። ትምህርት ቤት የሄደው እዚያ፣ ያገባው እዚያ፣ አባቱን የቀበረውም እዚያ ነው። «እሺ ቨርሊን፣ ሰላም ዋል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት ብሪታ ቁርሷን በቁሟ በላችና «አባዬ፣ ማታ እስክመለስ ምንም እንዳትፈርም» አለችው። ኦክሌር የምጠይቀው ነገር አለ አለች። ምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ ጠበቃ የሚል ቃል ቤት ውስጥ ከተጠራ አባቷ ፊቱ እንደሚጠቁር ታውቃለች። እሱም አልጠየቃትም። እሺ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሊመጣ የነበረው ትሬይ ረፋዱ ላይ ከች አለ። ከምዕራብ የበረዶ ማዕበል እየመጣ ነው ተብሏል፣ ሰማዩም ዝቅ ብሏል።

«ሚስተር ሆቭላንድ፣ ቀድሜ ስለመጣሁብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው። «መንገዱ ሳይዘጋብኝ ሚኒያፖሊስ ደርሼ አውሮፕላኑን ብይዝ ብዬ ነው።»

ቨርሊን ልጄ እስከ ማታ ቆይ ብላኛለች አለው። ትሬይ ወደ መስኮቱ አየና በጭራሽ አይጨነቁ አለ። «ሆቴል ፈልጌ አድራለሁ። ነገ የልጄ ልደት ነበር፤ ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት እደርሳለሁ።»

ልደቱ እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል። ቨርሊን ግን በዓይነ ኅሊናው አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷን በር በሩን እያየች ስትጠብቅ ታየችው። እንግዳ ሰው በእሱ ምክንያት በማዕበል ሲታገድ፣ ልጅ በእሱ ምክንያት ስታለቅስ። ደግሞስ ማታ ቢሆን ምን ይለወጣል? ውሉ ያው ውል፣ ሕጉ ያው የቴክሳስ ሕግ። ብዕር አነሳና ምልክት የተደረገበት ቦታ ሁሉ ላይ ፈረመ። በዚህም አላበቃም፤ ወጥቶ የሰውዬውን መኪና ፓራብሬዛ ከበረዶ ፋቀለት፣ ለመንገድ የሚሆን ትኩስ ቡና ቀዳለት፣ የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደተጠረገ በዝርዝር ነገረው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ብሪታ ማዕበሉ መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት አስቆይቷት ሲመሽ ገባች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ የሆነ ነገር ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። እሱ ቀደማት።

«ትሬይ መጥቶ ነበር» አላት። «ፈረምኩለትና ሄደ። ለአውሮፕላኑም ደረሰ፤ ደውሎ አመሰገነኝ።»

ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆመች። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲህ እሺ» አለች። ካፖርቷን ሰቀለች፣ እጇን ታጠበች፣ ድንቹንና የአጋዘኑን ሥጋ ምድጃ ውስጥ ከተተች። እራት ላይ ስለ መንገዱ አወሩ። ቨርሊን ያን ዕለት ከሰሞኑ ሁሉ ቀለል ብሎት ተኛ።

ምልክቱ ወረደ። ሕንፃው የራሱ ስለሆነ ቀረለት፤ ባዶውን ግን ምን ያደርግበታል። ብሪታ በየካቲት ኦክሌር ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ቆይቶ ሥራው ቾንግ ሱቅ መሆኑን ሰማ፤ ቅር አላለውም፣ ኦክሌር ከእገዳው ክልል ውጭ ነው፣ እጇን የሚያውቅ ሰው ጋም ናት። እሱ ራሱ ወደ ወረዳው ተመልሶ ሰው ሲጎድል በረዶ ይጠርጋል፣ ጨው ይበትናል። መጠጥ ቤት ያሉት ሰዎች «መድኃኒቱ ሲያልቅበት ወደ በሽታው ተመለሰ» አሉ፤ የሚስቁት ግን ሌላ ቦታ እያዩ ነበር።

የቾንግ ሱቅ አልተነካም። ይህን ከሰው ሰማ። ክርክሩ ፍርድ ቤት እንኳ ሳይደርስ ኩባንያው ማስጠንቀቂያውን አንስቶለታል አሉ። ቨርሊን ለራሱ አንድ ምክንያት ፈለገለት፦ የቾንግ ሱቅ ትልቅ ነው፣ ከተማ ውስጥ ነው፣ አስፈልጓቸው ነው። አዘኑለት ይሆናል። በዚህ ሐሳብ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ባለፈው ጥቅምት የራሱን መኪና ከሥሩ ሊያስረጭ ኦክሌር ወረደ። እስከዚያ ድረስ ራሱ ነበር የሚረጨው፤ ዘንድሮ ግን ትከሻው እምቢ አለው። ብሪታ መኪና ከሚያነሳው ሊፍት ሥር ሆና እጇን አወዛወዘችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቾንግ ወደ ቢሮው አስገባውና ወንበር ሰጠው። ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ፣ ስለ ዘይቱ መወደድ አወሩ። ከዚያ ቨርሊን ለመሆኑ እንዴት አድርገህ አመለጥካቸው ብሎ ጠየቀው፣ እንደ ቀልድ።

ቾንግ ግራ ገብቶት አየው። «ብሪታ አልነገረችህም እንዴ?»

«ምኑን?»

ቾንግ እንግዲህ ተናግሮ ቆይቷል፤ መመለሻ የለውም። «ጠበቃዋ ያቺን አንቀጽህን አንብባ ሳቀች» አለው። «‹ቴክሳስ ብለው ይጻፉ፣ ከፈለጉ ጨረቃ ብለው ይጻፉ› አለች። ሱቁ ያለው ዊስኮንሲን ነው፣ የሚጠብቀውም የዊስኮንሲን ሕግ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሱቅ አይነጠቅም ይላል። ጥፋት አለ ካሉም ሦስት ወር ቀድመው በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለባቸው፣ ሁለቱን ወር ደግሞ ጥፋቱን ታርምበታለህ። ይህን በውል መሻር አይቻልም አለች፣ ብትፈርምም። እኔ ያደረግሁት በአዲስ ዓመት ሱቁን የሚከፍት ሰው እመድባለሁ ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። በቃ፣ አለቀ።»

«በአደን ሰሞን ሰው መመደብ» አለ ቨርሊን ቀስ ብሎ።

«አዎ። ላንተም ያንኑ ነው ያለችው።»

«ለእኔ መቼ አለች?»

«ያን ሐሙስ። ብሪታ ደውላልኝ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር እኮ፣ ውልህን ይዛ። ጠበቃዋ ጨርሳ ሳትነግረን ነው ተነስታ የሮጠችው። አባዬ ሳይፈርም ልድረስ ብላ ጓንቷን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ነው የሄደችው።»

ቨርሊን ሕጉ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ አያውቅም። ቾንግ እሱ በረዶ ጠራጊ ላይ ሳለ ጀምሮ እንዳለ ነገረው። ያ ሁሉ ዓመት ሕጉ ከጎኑ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ዘይት ሲያስወድዱበትም፣ ቀለም ሲያስቀይሩትም፣ ባርኔጣውን ደፍቶ እኔ የቴክሳስ ነኝ እያለ ሲያስቅም።

«ያን ጊዜ በስልክ ያልኩህ ነገር» አለ። «ለአገሩ ገና ናችሁ ያልኩህ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ነውር ነው የተናገርኩት።»

«ነውር ነው» አለ ቾንግ። ከዚያ ተነስቶ ቡና ቀዳለት።

መኪናው ከሊፍቱ ሲወርድ ብሪታ ቁልፉን ይዛ ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነው። የኋላው የቀኝ ጥግ መበላት ጀምሯል፣ በፀደይ መልሰህ አምጣው አለችው። ቨርሊን ቁልፉን ተቀበለና አልተንቀሳቀሰም።

«ቾንግ ነገረኝ» አላት። «ያን ማታ ይህን ይዘሽ ነበር የመጣሽው።»

ብሪታ ወደ ቢሮው መስኮት አንዴ አየች፣ ከዚያ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በማግሥቱ ለጠበቃዋ ደወልኩላት» አለች። «አስቀድሞ ቢሆን ነበር አለች። አንዴ አውቆ በሰላም ተለያየን ብሎ ከፈረመ መመለሻ የለውም አለች። ከዚያ በኋላ ብነግርህ ምን ይሠራልሃል? ሕመም ልሰጥህ?»

«መናደድ ነበረብሽ።»

«ተናድጄ ነበር። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጮኼያለሁ።» ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «አንተ ግን ሰውዬው ለልጁ በመድረሱ ደስ ብሎህ ነበር። እናቴ ከሞተች እንደዚያ ቀን ቀሎህ አይቼህ አላውቅም።»

ለሰው ልጅ ልደት ብሎ የራሱን ልጅ ሱቅ ሰጠ። ቨርሊን ነገሩን በዚህ መልክ አስቦት አያውቅም ነበር፤ አሁን ሌላ መልክ ሊያገኝለት አልቻለም። ይቅርታ ሊላት ፈለገ። በምትኩ ሕንፃው አሁንም አለ አላት። የሦስቱ ዓመት እገዳ በሚመጣው ዓመት ኅዳር ያበቃል፣ ሊፍቱ ዘይት ከተቀባ ይሠራል፣ አውቶቡሶቹም የወተት መኪኖቹም አንቺን ይጠይቃሉ፣ ነይና ክፈቺው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስምሽ ይሁን፣ የማንም ምልክት አይሰቀልበት አላት። በሕይወቱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ትንፋሹ እስኪያጥረው ተናገረ።

ብሪታ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ባለፈው ወር ከቾንግ ጋር ተፈራርመናል» አለች። «ግማሹ ሱቅ የኔ ነው። ኩባንያውም ፈቅዷል።»

«ባለፈው ወር?»

«አዎ። አንብቤዋለሁ። ሰውም ጠይቄበታለሁ።»

ማንን እንደጠየቀች አልነገረችውም፤ እሱን እንዳልጠየቀችው ግን ግልጽ ነው። ለምን ሳትነግሪኝ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣና መለሰው።

«ጥሩ አድርገሻል» አላት። ዘይት ያለበትን እጇን ጨበጠ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። እሷም በሩን ዘጋችለትና ቀስ ብለህ ንዳ አለችው።

መንገዱ ላይ ያለችው ከተማ ብሉመር ድረስ ደህና ነዳ። እዚያ ሲደርስ መንገዱ አልታይ አለውና መኪናውን ዳር አስያዘ። አለቀሰ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሁለቱን እጁን መሪው ላይ አድርጎ። አንዲት ሴትዮ ከኋላው መጥታ ቆመችና መስኮቱን አንኳኳች፣ መኪና ተበላሽቶብህ ነው ብላ ጠየቀችው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አይ ምንም አልሆንኩም፣ ስላስቆምኩሽ ይቅርታ አላት።